የአንድ ረፋድ ንግሥት

ተረት ተረት፣ የፍየል በረት።

አያ አንበሶ ከጅቦች ጋር ሲዋጋ የእናት ፍየልን ግልገሎች ለጦር ሜዳ ላዝምታቸው ብሎ በረት ዘጋባቸው። እሷም እሱ ባለፈ ቁጥር እየተንቀጠቀጠች ትነሣለት ነበር። ጅቦቹ ወንዙን ሲሻገሩ ግን ዙፋኑን ለእመት ኤሊ ትቶ ፈረጠጠ።

ለኤሊ ማንም አልተነሣላትም። እናት ፍየል እንደተቀመጠች፣ "ጅብ ደጃፍ ደርሶ ምኑን ልትገዢው ነው?" አለቻት።

"ለመግዛትስ ጊዜ የለኝም። ሂጂ፣ በረቱን ክፈቺ" አለች ኤሊ።

ግልገሎቹ ገደሉን ወጥተው አመለጡ። ጅቦች ሲደርሱ በረቱም ዙፋኑም ባዶ ነበር፤ ኤሊም ድንጋይ ልብሷ ውስጥ ገብታለች።

ዛሬ ኤሊ በዚያ ስታዘግም እናት ፍየል ከነልጆቿ ብድግ ትላለች። "ኖር፣ እመት ኤሊ።"

"በእግዜር፤ ኧረ ተቀመጡ፣ የገዛሁት ለአንድ ረፋድ ነው።"

እነሱ ግን እስክታልፍ ድረስ ይቆማሉ፤ ኤሊ ደግሞ ቶሎ አታልፍም።