ድመት ያነበበችው ገጽ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የሰማ ላልሰማ ይንገር።

በአንድ ጫካ የሚኖሩ እንስሳት አንድ መጽሐፍ አብረው ጽፈው ሊያነቡ ተስማሙ። እያንዳንዱ ስለ ራሱ አንድ ገጽ ጻፈ። ደንቡ ግን የራስን ሳይሆን በዕጣ የደረሰን የሌላ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር። የአይጥ ገጽ ለድመት ደረሰ።

 አይጥ፣ ገጹ ድመት እጅ ይገባል ብላ ሳታስብ፣ የምትፈራውን ሁሉ እውነቱን ጽፋ ነበር።

"እሜቴ፣ ቢዘሉትስ?" አለች በቀጭን ድምፅ።

"ምነው፣ ሐሜቴ አለበት እንዴ?" አለች ድመት ጢሟን እያበሰች። ከዚያም አነበበች፦ "ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ዝሆን ሲመጣ ምድር ይንቀጠቀጣል፤ ሮጬ አመልጣለሁ። የድመት ኮቴ ግን አይሰማም። ስለዚህ ልጆቼ ሲተኙ እኔ አልተኛም።"

ድመት መጽሐፉን ዘግታ ሄደች።

አይጥ ጉድጓዷ ገብታ፣ "ምስጢሬን ለጠላቴ ሰጠሁ" እያለች ልጆቿን አቅፋ ዋለች። በማግስቱ ጠዋት ከደጇ ኮሽታ ሰማች። አሾልካ ብታይ ድመት ናት። ለስላሳውን ሣር ትታ፣ በደረቁ ቅጠል ላይ ኮሽ ኮሽ እያደረገች ታልፋለች።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ዳቦዬን ለአይጥ ልጆች አካፍሉልኝ።