ምስክር ያጣችው ባልቴት

የግራዝማች ድልነሳው በቅሎ የአንዲትን ባልቴት የሽንብራ እሸት ጋጠችው። ሴትዮዋ ከዚያ ማሳ ሌላ መተዳደሪያ የላትምና እየተንገበገበች ደጃቸው ሄዳ፣ «በቅሎዎ እህሌን ፈጀችብኝ። ካልካሱኝ እከስዎታለሁ!» አለቻቸው።

ግራዝማች እንግዶቻቸው እየሰሙ ከት ብለው ሳቁባት።

«ሰው ከመክሰሱ በፊት ያስባል፣ አንቺ! በቅሎዬ እማሳሽ ስትገባ ማን አየ? የአገሩ ሰው ሁሉ የእኔ ጭሰኛ ነው። ማን ደፍሮ ይመሰክርልሻል?»

ባልቴቲቱ ጥቂት አሰበችና፣ «እውነትዎን ነው፤ ምስክር የለኝም። መክሰሱን ትቼዋለሁ» ብላ እጅ ነሣች።

«እንዲህ ነው ምክር መስማት!» አሉ ግራዝማች ደስ ብሏቸው።

«ይልቅ እርስዎ ይክሰሱኝ። በቅሎዎን እዚያው ማሳዬ መካከል አስሬያታለሁ፤ ካልካሱኝም አልፈታት።»

ግራዝማች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «በቅሎዬን? ዛሬውኑ ዳኛ ፊት አቆምሻለሁ!»

«ደግ አደረጉ፣ ጌታዬ። ዳኛው ‹በቅሎዎ የት ተያዘች?› ሲልዎ ‹እማሳዋ ውስጥ› ማለትዎ አይቀርም። እኔስ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር ከየት አገኛለሁ?»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ግራዝማችም ሳይወዱ በግዳቸው ሽንብራ አስጭነው ላኩና በቅሏቸውን አስፈቱ።