እትዬ ብርቄና የላንድሮቨሩ ክንፍ

እስቲ ጠጋ በሉ። ጃንጥላችሁን በር ላይ ጣሉና ተቀመጡ። የማወራችሁ ስለ አንድ መኪና ነው፤ ስለ መኪና ብቻ እንዳይመስላችሁ ግን።

ቦንጋ ውስጥ ጋሽ ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። አንድ ሚስትና አንድ ላንድሮቨር ነበረው። ላንድሮቨሩ ከሚስቱ በዕድሜ ይበልጣል፤ ከሁለቱ ማንን አብልጦ እንደሚንከባከብ እኔን አትጠይቁኝ። በዚያ ክረምት ምን እንደታየው እንጃ፣ የመኪናውን ቀጫጭን ጎማዎች አውልቆ ሰፋፊ ጎማ አስገባበት። ጎማዎቹ ከፓራፋንጎው፣ ጭቃ ከሚመልሰው ከንፈር፣ አንድ ስንዝር ወደ ውጭ ወጡ። አያምሩም አልልም፣ ያምራሉ። ጭቃው ግን ከሥር እየተነሳ በመስኮት ይገባል፤ የዱሮ ላንድሮቨር መስኮት ደግሞ ገጥሞ መዘጋት የሚባል ነገር አያውቅም።

ሚስቱ እትዬ ብርቄ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ልታይ ከባሏ ጋር በዚያ መኪና ሄደች። ልጇ የትናየት የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ነው፣ መንገዱም ቀይ ጭቃ ነው። እትዬ ብርቄ ስትደርስ ከነጠላዋ እስከ ቅንድቧ ቀልታለች። "እማዬ፣ መጀመሪያ ታጠቢ" አለቻት ልጇ። እስክትታጠብ ሕፃኗ ተኛች። እስክትነቃ ሰማዩ ጠቆረ። ወንዙ ሳይሞላ ብለው ተነሱ። አያት የልጅ ልጇን ሳታቅፍ ተመለሰች።

አሁን የሕፃኗ ክርስትና ደረሰ። እትዬ ብርቄ በየበሩ እየዞረች "እሁድ ክርስትና አለብን፣ እንዳትቀሩ" ብላ ሰፈሩን ጠራች። ለራሷ የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ በንጹሕ ቀሚስ ደርሳ ሕፃኗን ማቀፍ።

"ጎማህን ካልከለልከው አልሳፈርም" አለችው ባሏን። "እዚሁ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።"

ጋሽ ይርዳው ይህን ሲሰማ ሆዱ ባባ። ከአዲስ አበባ የፓራፋንጎ ክንፍ አስመጣ። ክንፍ ስላችሁ የሚበር አይደለም፤ ከጎማው በላይ ተገጥሞ ወጣ ያለውን ጎማ የሚከልል ጥቁር ጠርዝ ነው። ይዞት ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ ሽመልስ ክንፉን ፓራፋንጎው ላይ ደገፈው፣ ራቅ ብሎ አየው፣ ቡሎን የሚገባበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገ።

"ያምራል ጋሽ ይርዳው። ግን ፓራፋንጎው ሳይበሳ አይገጥምም።"

"በምስማር በሳ በሳ አድርገዋ።"

"ላንድሮቨር እኮ ገላው አሉሚኒየም ነው፣ ይቀደዳል። የሚበሳው በትራፓኖ ነው። ትራፓኖው ደግሞ ያለ መብራት አይዞርም፤ የኛ መስመር በዝናቡ ተቃጥሏል።"

እንግዲህ መብራቱ አይመጣ፣ ትራፓኖው አይበሳ፣ ክንፉ አይገጥም፣ እትዬ ብርቄ አትሳፈር፣ ሕፃኗ አትታቀፍ።

ከጋራዡ አጥር ወዲያ ልብስ ሰፊዋ ሙሉነሽ አለች። እሷ ጋ መብራት አለ። ጋሽ ይርዳው ሄደ።

"ሙሉዬ በሞቴ፣ በአጥሩ ላይ ገመድ ልዘርጋና መብራት ስጪኝ።"

"መብራቱማ ሞልቷል" አለች ሙሉነሽ። "ግን የስፌት መኪናዬን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ይኸው እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ለእናንተው ክርስትና ልብስ ያሰፋ ሰው ሁሉ በሬ ላይ ቆሞ ይነዘንዘኛል። እርስዎ መኪናዎን ሲያስጌጡ እኔ ልሰደብ? ቺንጋ ያምጡ፣ መብራት ይውሰዱ።"

እንግዲህ ቺንጋው አይገኝ፣ መብራቱ አይመጣ፣ ትራፓኖው አይበሳ፣ ክንፉ አይገጥም፣ እትዬ ብርቄ አትሳፈር፣ ሕፃኗ አትታቀፍ።

ጋሽ ይርዳው ወደ ጫማ ሰሪው ወደ መኩሪያ ሄደ። "መኩሪያ፣ ለሙሉነሽ የስፌት መኪና አንድ የቆዳ ቺንጋ ቁረጥልኝ።"

መኩሪያ ከመደርደሪያው ሥር ደህና ቆዳ አወጣ። ካራውንም አወጣ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

"ዶልዱሟል ጋሼ። ይሄ ካራ ጎመንም አይቆርጥ። ቺንጋ ደግሞ ዳር እስከ ዳር እኩል ካልተቆረጠ እየዘለለ ያስቸግራል።"

"ታዲያ አትስለውም?"

"በምን ልሳለው? የሰፈሩ መሳያ ድንጋይ ያለው እማማ አስካለ ግቢ ነው። እሳቸው ደግሞ ሰሞኑን በራቸውን ዘግተዋል። ምን እንደነካቸው እንጃ።"

እንግዲህ ድንጋዩ አይስል፣ ካራው አይቆርጥ፣ ቺንጋው አይገኝ፣ መብራቱ አይመጣ፣ ትራፓኖው አይበሳ፣ ክንፉ አይገጥም፣ እትዬ ብርቄ አትሳፈር፣ ሕፃኗ አትታቀፍ። ደከማችሁ? ጋሽ ይርዳውም ደክሞታል፣ ግን ሄደ።

እማማ አስካለ የነጋሽ ይርዳው የጎን ጎረቤት ናቸው። በሩን ቆረቆረ።

"ማነው?" አሉ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ እማማ፣ ይርዳው። ካራ ልንስል ነበር።"

"ድንጋዩን አሞታል።"

"እማማ፣ ድንጋይ ያመዋል እንዴ?"

"እኔን ካመመኝ እሱንም ያመዋል። አብረን ነው የኖርነው።"

"ምነው፣ ምን አስቀየምንዎት?"

"ቤትህ ግባና ሚስትህን ጠይቅ። ደህና ዋል" አሉ።

ጋሽ ይርዳው ቤቱ ሲገባ እትዬ ብርቄ አዲሱን ነጭ ቀሚሷን እየሞከረች ነበር። ሳይቀመጥ አወራረደላት፦ "በሩ አይከፈት፣ ድንጋዩ አይስል፣ ካራው አይቆርጥ፣ ቺንጋው አይገኝ፣ መብራቱ አይመጣ፣ ትራፓኖው አይበሳ፣ ክንፉ አይገጥም፣ አንቺ አትሳፈሪ፣ ሕፃኗ አትታቀፍ። ለመሆኑ እማማ አስካለን ምን ብለሻቸው ነው?"

"እኔ? ምንም አላልኳቸውም።"

"ለክርስትናው ስትጠሪያቸውስ?"

"እሳቸውንማ አልጠራሁም። እናት ትጠራለች እንዴ? የትናየትን ያዋለዱኝ እሳቸው፣ አዝለው ያሳደጉልኝ እሳቸው። በር ቆርቁሬ እንደ ባዳ 'እንዳይቀሩ' ልበላቸው?"

ይህን ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ገባት። በየበሩ ዞራ ስትጠራ እማማ አስካለ ከአጥራቸው ወዲያ ሆነው ድምፅዋን ይሰሙ ነበር፤ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እያሉ። እሷ የራሴ ናቸው ብላ አለፈቻቸው። እሳቸው ረሳችኝ ብለው በር ዘጉ።

እትዬ ብርቄ ወጣች። ነጠላ አልደረበችም፣ ቀሚሷንም አልቀየረችም። ጭቃ ፈርታ መኪና አልሳፈርም ያለችው ሴትዮ ያንን ጭቃ በነጭ ቀሚሷ እያቦካች የእማማ አስካለ በር ላይ ቆመች።

"እማማ፣ ብርቄ ነኝ። የራሴን ሰው መጥራት ነውር መስሎኝ ነው። አጠፋሁ። እሁድ ያለ እርስዎ አልሄድም።"

ከዚያ መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ። እማማ አስካለ መጀመሪያ ፊቷን አዩ፣ ቀጥለው ቀሚሷን አዩ።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬም እንደ ድሮሽ ጭቃ ትወጃለሽ" አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ግቢ፣ አውልቂው። እኔው አጥብልሻለሁ።"

ከዚህ በኋላማ ማን ይቻለው። በሩ ተከፈተ፤ ድንጋዩ ካራውን ሳለ፤ ካራው ቆዳውን ቆረጠ፤ ቆዳው ቺንጋ ሆነ፤ ቺንጋው የሙሉነሽን መኪና አዞረ፤ ሙሉነሽ መብራቱን ሰጠች፤ መብራቱ ትራፓኖውን አስነሳ፤ ትራፓኖው ፓራፋንጎውን በሳ፤ ሽመልስ በክንፉና በገላው መሃል ቀጭን የጎማ ቅዳጅ አስገብቶ ቡሎኑን አጠበቀ፤ ክንፉም ገጠመ።

እሁድ ጠዋት ዝናቡ አልቀረም። የዱሮ ላንድሮቨር ፊት ለፊት ሦስት ሰው ያስቀምጣል፦ ጋሽ ይርዳው መሪው ላይ፣ እትዬ ብርቄ መሃል፣ እማማ አስካለ መስኮቱ ጋ። ጭቃው ከሥር ተነሳ፣ ክንፉን መታ፣ ተመልሶ ወረደ። እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ወረደ። እማማ አስካለ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው አዩት፤ ንጹሕ ነው። "ጎበዝ" አሉት ክንፉን። ጋሽ ይርዳው ለሱ የተባለ መስሎት ደስ አለው።

የትናየት ደጃፍ ላይ ቆማ እናቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። አንድ ጠብታ ጭቃ የለባትም። ታጠቢ አላለቻትም። ሕፃኗን አንስታ ሰጠቻት።

እትዬ ብርቄ የልጅ ልጇን አቀፈች። እማማ አስካለም ጎንበስ ብለው የሕፃኗን እግር ሳሙ። ሕፃኗ ሁለቱንም አየች፣ አዛጋች፣ ከዚያ ያንን ከመንገዱ ጭቃ የተረፈ ቀሚስ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ በሽንት አራሰችው።

"ወይኔ እማዬ፣ ስጪኝ፣ ተቀየሪ" አለች የትናየት።

"አልሰጥም" አለች እትዬ ብርቄ፣ ጭራሽ ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት።

የኔ ወሬ እዚህ ገጠመ። ከክርስትናው የተረፈ ዳቦ ካለ ወዲህ በሉ።