የይሁኔ ነጭ ጤፍ

ሐምሌ ገብቶ የገበሬው ጉልበት መዛል ሲጀምር፣ አንዱ ጎረምሳ «እኔ ነኝ ያለ ይምጣ!» እያለ ያለ ዕረፍት በላይ በላዩ ሲሠራ ያዩት ሽማግሌዎች አንዲት ነገር ጣል አድርገውበት ያልፋሉ። ነገሪቱ አጭር ናት። ሰሚው ይስቃል፣ ጎረምሳው ይቆጣል፣ በዚያው ያበቃል። ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ተረት እንዲሁ ሜዳ ላይ አይበቅልም፤ አንድ ሰው ከፍሎበት ነው የሚመጣው። ይችኛዋን የከፈለባት ይሁኔ የሚባል የጎጃም ገበሬ ነው፤ የከፈለውም አንድ ስልቻ ነጭ ጤፍ።

ይሁኔ ሰነፍ አልነበረም። ሰነፍ ቢሆንማ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰበት! ባለፈው ዓመት ታሞ ተኝቶ ከረመና ጤፉን ዘግይቶ ዘራው፤ ዘግይቶ የዘራውንም ውርጭ መታበት። የልጁ የአትጠገብ ሠርግ በዚሁ ሰበብ ከጥር ወደሚቀጥለው ጥር ተላለፈ። የሙሽራው አባት አያ ደምለው ከሽማግሌዎች ጋር መጥቶ ጎተራውን አየና፣ «ዘንድሮስ ይሁን። በሚመጣው ጥር ካልሆነ ግን የእኔም ልጅ ዕድሜው እየሄደ ነው፤ ሌላ በር እናንኳኳለን» አለ። ይሁኔ እልህ ያዘው። በሽማግሌ ፊት ብድግ ብሎ፣ «በሚመጣው ጥር በነጭ ጤፍ እንጀራ ነው ልጄን የምድራት! ሰርገኛ ጤፍ የማቀርብ እንዳይመስልህ!» ብሎ አረፈው። ማን ጠየቀው? ማንም። አፍ ግን እንዲህ ነው፤ ካመለጠ አይመለስም።

ለዚህ ሁሉ ፉከራ ቤት ውስጥ ያለው ነጭ የዘር ጤፍ አንድ ስልቻ ብቻ ነው። ሚስቱ ዳሳሽ ስልቻውን ቆጥ ላይ ሰቅላ ትጠብቀዋለች። ሰኔ ላይ እህሉ አልቆ ልጆቿ ጎመን በጨው ሲበሉ እንኳ እጇን ወደዚያ አላነሳችም።

ይሁኔ ያለው በሬ አንድ ነው፤ ዳልቻ ይባላል። ጎረቤቱ አያ ቸኮልም አንድ በሬ አለው፤ የሱ ደግሞ ቦራ። በአንድ በሬ እንግዲህ አይታረስ! ስለዚህ ሁለቱ ተቀናጅተው፣ ሁለት ቀን ለአንዱ ሁለት ቀን ለሌላው እያረሱ ስምንት ክረምት አብረው አሳልፈዋል። አያ ቸኮልን ቸኮል ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ሳይሳሳት አልቀረም፤ ሰውየው በዕድሜው ቸኩሎ አያውቅም። ሦስት ትልም ያወጣና በሬዎቹን አቁሞ ያስተነፍሳል፤ እሱም አብሮ ይተነፍሳል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይፈታል። በዓል ከሆነ ሞፈሩን ዞር ብሎም አያየው። ይሁኔ ይህን ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

አንድ ቀን በሐምሌ መጀመሪያ ታዲያ ወደ አያ ቸኮል ቤት ሄደ።

«አያ ቸኮል፣ የዚህን ወር ተራህን ለእኔ ልቀቅልኝ» አለው።

«እኔስ በምን ልረስ?»

«ያንተ ማሳ ደርሷል፤ አንድ እርሻ ነው የቀረው። የእኔ ማሳ ገና ሦስት እርሻ ይቀረዋል። ተራህን ስጠኝና በአረም ጊዜ ማሳህን ከዳር እስከ ዳር እኔ አርምልሃለሁ።»

አያ ቸኮል ቀና ብሎ አየው። «በዚህ ሰውነትህ ነው የምታርመው? ዓይንህን አይተኸዋል? በርበሬ የገባበት መስሏል እኮ።»

«ዓይኔ ምን ሆነ! ደከመኝ የሚል ሰነፍ ነው።»

«አዬ! እሺ፣ ተራዬን ውሰድ። ቃልህ ቃል ነው፤ አረሙ ያንተ ነው። አንድ ነገር ግን ስማኝ፤ ቦራ በበዓል ቀን አይጠመድም። እሱ በሽማግሌ ፊት የፎከረው ነገር የለም።»

ይሁኔ «ይሁን» ብሎ ተነሣ። ነገ የማይኖረውን ጉልበት ዛሬ አስይዞ ተዋዋለና እየተደሰተ ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! ጎህ ሳይቀድ ይጠምዳል፣ ሲመሽ ይፈታል። ዝናቡ ሲያወርደው አይጠለልም። በሳምንቱ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ጅራፉን አንገቱ ላይ አጋድሞ፣ «ጅራፌን ማን ወሰደው?» እያለ ቤቱን ሲያተራምስ አረፈደ። ወጡን ቀምሶ «ጨው የለውም» አለ፤ ዳሳሽ ጨመረች፤ «አሁንም የለውም» አለ፤ እሷ ስትቀምሰው ምላሷን አቃጠላት። አንድ ምሽት ውኃ እንድታቀብለው ሊጠራት ፈልጎ «ሃ! ቦራ!» አላት። ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት ዶሮ በር ላይ ቆማ አልነሣም ብትለው እንባው ዱብ ዱብ አለ። በዶሮ! እንዳይሠራ ደክሞታል፣ ልተኛ ብሎ ሲጋደም እንቅልፍ የለ፤ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ትልም ሲቆጥር ያነጋል።

ዳሳሽ ፈራች። «አንተ ሰውዬ፣ ታመሃል» አለችው።

«ምኔን ነው የታመምኩት? እጄ እጅ ነው፣ እግሬ እግር ነው።»

«ሌላውን እኔ ምን አውቄ። ሁለት ቀን ብቻ ተኛልኝ፣ በሞቴ። መሬቱ እንደሆን የትም አይሄድ።»

«መሬቱ አይሄድም፤ የሚሄደው ዝናቡ ነው» አለና ጀርባውን ሰጣት።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ፤ ገብርኤል። አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ይሁኔ ግን ጨለማው ሳይገፈፍ ተነሥቶ ስልቻውን ከቆጥ አወረደው።

ዳሳሽ ነጠላዋን እየለበሰች ደነገጠች። «ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው!»

«ገብርኤልማ ይረዳኛል።»

«እሱ ያለው ደብሩ ነው፣ አንተ የምትሄደው ማሳ ነው፤ በየት ተገናኝታችሁ ነው የሚረዳህ? ደግሞስ ለአያ ቸኮል ቃል አልገባህለትም?»

«አያ ቸኮል ቅዳሴ ላይ ነው የሚውል። ቦራ እንደሆነ አፍ የለው፤ ማን ይነግረዋል?»

ዳሳሽ ስልቻው በሩን ሲወጣ በዓይኗ ተከተለችው።

ውጭው ጉም ነው። የበሬዎቹ ቀንድ እንኳ አይታይም። መንገዱ ሾላው ዘንድ ሲደርስ ሁለት ይሆናል፤ በቀኝ ወደ ይሁኔ ማሳ፣ በግራ ወደ አያ ቸኮል። ይሁኔ ከበሬዎቹ ኋላ እየተራመደ «ዓይኔን ለጥቂት ላሳርፈው» ብሎ ጨፈነ። እግሩ ይሄዳል፣ እሱ የለም። ሾላው ዘንድ ሲደርሱ ማን ይምራ? ቦራ ስምንት ዓመት ሙሉ የጌታውን ማሳ የለመደ በሬ ነው፤ ወደ ግራ ታጠፈ። ዳልቻም ተከተለ። ይሁኔም ተከተለ።

ማረሻውን ሰክቶ አንድ ትልም እንዳወጣ አፈሩ ለስልሶ ጠበቀው። «እሰይ! መሬቱ ዛሬ ቅቤ ሆነልኝ» አለ ለራሱ። ከማሳው መካከል በየዓመቱ ማረሻውን የሚያዶለዱም አንድ ድንጋይ ነበረው፤ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ እርፉን አጥብቆ ቢጠብቅ የለም። ጠፋ። ይሁኔ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሰማይ አየ፤ «ገብርኤል አነሣልኝ! አላልኩም?» አለ። ሚስቱ ባለመኖሯ ብቻ ቆጨው። አርሶ እንደጨረሰ ስልቻውን ታቅፎ በተነ። ነጩን ጤፍ፣ ሰኔን ጎመን የተበላለትን ጤፍ፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በተነና ስልቻውን ገልብጦ አራገፈው። የአትጠገብ ሠርግ በዓይኑ ታየው፤ አያ ደምለው እንጀራውን እየቆረሰ ሲያፍር ታየው። እንዴት ደስ አለው!

ቅዳሴው አልቆ፣ ዝክሩም ተቀምሶ ሰዉ ቁልቁል ሲመለስ ጉሙ ተነሣ። ይሁኔ መጀመሪያ ያየው ሾላውን ነው። ሾላው ከግራው መቆም ሲገባው ከቀኙ ቆሟል። ቆይ፣ ሾላ አይሄድ! ዞር ሲል የአያ ቸኮልን ድንበር፣ የአያ ቸኮልን የቁልቋል አጥር አየ። በቆመበት እርፉን ይዞ ቁጭ አለ።

አያ ቸኮል ጋቢውን እንደ ለበሰ ከዳሩ ላይ ቆመ። የምእመኑ ግማሽ ከኋላው አለ። ማሳውን አየ፣ የተጠመዱትን በሬዎች አየ፣ ባዶውን ስልቻ አየ።

«ይሁኔ» አለ።

«አቤት፣ አያ ቸኮል።»

«እኔ ዛሬ ገብርኤልን የለመንኩት ጤና እንዲሰጠኝ ብቻ ነበር። እሱ ግን ማሳዬን አርሶ፣ ዘርቶ ጠበቀኝ። እንዴት ያለ ታቦት ነው እናንተ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ቦራ አፍ የለው ብለህ ነበር» ስትል ዳሳሽ ከሰዉ መካከል ወጣች፤ «አፍ ባይኖረው እግር አለው።» እሷ ግን አልሳቀችም። ስልቻውን አንሥታ ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠችው።

«ነጩ ነው?»

«ነጩ ነው» አለ ይሁኔ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ልጆቼን ሰኔን ጎመን ያበላኋቸው ለአያ ቸኮል ማሳ ነው እንግዲህ?» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሳቁ ቀጥ አለ። ይሁኔ በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት አፍሮ አያውቅም። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ያም ቢሆን የአያ ቸኮል ምድር ነው።

አንዱ «ለምን አንለቅመውም?» ቢል ሌላው «ጤፍን ነው ከአፈር የምትለቅመው? ባቄላ መሰለህ?» ብሎ ዝም አሰኘው። አያ ቸኮል ከዘራውን ተክሎ ወደ ዳሳሽ ዞረ።

«ዳሳሽ፣ አታልቅሺ» አለ። «ዘሩ የእናንተ፣ መሬቱ የእኔ፤ የሚገኘው እኩል ነው። የእኔ ቀይ ጤፍ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱን ውሰዱና በእናንተ ማሳ ላይ ይዘራ። እኔም በሬዬም አብረን እንመጣለን። አንተ ይሁኔ ግን አራት ቀን ሞፈር አትነካም። በተረፈ ቃል ቃል ነው፤ ይህን ማሳ በአረም ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የምታርመው አንተ ነህ። ተስማማህ?»

ጠጋ ብለው ቢያዩት ይሁኔ እርፉን እንዳቀፈ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ያንኮራፋል።

አያ ቸኮል ጋቢውን አውልቆ ቀንበሩን ማላቀቅ ጀመረ። አንዲት አሮጊት፣ «በገብርኤል ዕለት?» ቢሉት፣ «ኃጢአቱ መጥመድ ነው እንጂ መፍታት አይደለም፣ እማማ» አላቸው።

ይሁኔን በቃሬዛ ወሰዱት ቢባል ይቀላል። ያን ቀን ተኛ፣ በማግስቱም ተኛ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ነቃና «ራበኝ» አለ። ዳሳሽ እንደ ሰሞኑ አድርጋ የሠራችውን ወጥ አቀረበችለት። አንድ ጉርሻ ጎርሶ ፊቱን አኮማተረ። «ምን ነካሽ፣ አንቺ ሴት? ይህ ወጥ ጨው ብቻ ነው እኮ!» አለ። ዳሳሽ «ተመስገን» ብላ መሬት ሳመች።

ቀዩ ጤፍ በይሁኔ ማሳ ላይ ተዘራ፤ ሦስት ትልም እየወጣ፣ በሬም ሰውም እየተነፈሰ። በአረም ጊዜም ይሁኔ ጎንበስ ብሎ የሰው ማሳ አረመ። የገዛ ጤፉን በሰው መሬት ላይ ማረም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሾላው ሥር ይጋደም ነበር፤ ማንም ሳይለምነው።

ጥር ደረሰ፣ አትጠገብም ተዳረች። የይሁኔ እኩሌታ ለድግሱ አልበቃ ብሎ አያ ቸኮል ከራሱ ድርሻ ጨመረበት። እንጀራው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ቀረበ። አያ ደምለው ቆርሶ ቀመሰ፣ ደገመ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አይ ይሁኔ! ያልከውን አደረግኸው። ይህን የመሰለ ጤፍ ያበቀለ ማሳህ የትኛው ነው? ነገ ወስደህ አሳየኝ» አለ።

ዳሳሽ ዓይኗን ወደ ዳሱ ጣራ ሰቀለች። ይሁኔ ከዋጠው የቆየውን ጉርሻ እንደገና ያኝክ ጀመር። ከበስተቀኙ የተቀመጠው አያ ቸኮል ብቻ፣ በለመደው እርጋታ ጠላውን ተጎንጭቶ፣ ጢሙን ጠርጎ፣ ዋንጫውን አስቀምጦ እንዲህ አለ፦ «ማሳውስ የእኔ ነው፣ አያ ደምለው፤ ምን ይደረግ፣ ያላረፈ ገበሬ ለጎረቤት ይዘራል።»