የባዘዘው ማንሻ ገመድ

አንድ ባለጀልባ ነበር፤ ባዘዘው ይባላል። የሚኖረው በሐይቅ መሀል ባለች ደሴት ላይ ነው። በደሴቲቱ ባለ ሸራ ጀልባ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ገበያተኛም ሆነ ለቀስተኛ ያለ እሱ አይሻገርም።

ጀልባዋ አንድ ክፉ አመል ነበረባት። ከኋላዋ ውሃ ውስጥ ገብቶ አቅጣጫ የሚያስይዛት ሳንቃ፣ መሪዋ፣ ረጅም ስለሆነ ወደ ዳር ስትጠጋ ከድንጋይ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ባዘዘው ማዶ በደረሰ ቁጥር በሆዱ ተኝቶ፣ ቂጡን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ መሪውን እየታገለ ያወጣዋል። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ ከመካከላቸው ባንቺአምላክ የምትባለውን እስኪወዳት ድረስ። ከዚያ ወዲህ ሳቁ ያንገበግበው ጀመር።

ሽማግሌ ለመላክ ሲወስን፣ "እንዲህ ተሰቅዬስ ለአማቴ አልታይም!" አለ። መሪውን በማጠፊያ ገጠመው፤ ከጫፉ ላይ ገመድ አስሮ እስከ መቀመጫው አመጣው። ጀልባዋን ደረቅ መሬት ላይ እንዳቆመም ሞከረው። ገመዱን ሲስበው መሪው እንደ አውራ ዶሮ ጅራት ቀጥ ይላል፤ ሲለቀው በራሱ ክብደት ዱብ ይላል። "አለቀ!" ብሎ እጁን አራገፈ።

በወጉ ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ቤቱ ይቀመጣል። ነገር ግን ጀልባ የሚነዳ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ባዘዘው አዲስ ነጭ ልብሱን ለብሶ የገዛ ሽማግሌዎቹን ራሱ ጭኖ ተነሳ። ማዶው ሲቃረብ የባንቺአምላክ አባት አቶ ውበቴ ከነልጃቸው ዳር ላይ ቆመው ታዩት። ድንጋዩ ገና ሩቅ ነበር። ባዘዘው ግን ሙያውን እስኪያሳይ ቸኩሏል፤ ገመዱን ሳበ። መሪው ከውሃው ብድግ አለ።

"እሰይ! እንዴት ያለ ብልሃት ነው!" አሉ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አባ ይመኑ።

ወዲያው ነፋሱ ጀልባዋን በጎኗ መታትና ፊቷን አዞረች።

"በል አሁን አውርደው" አሉት።

ባዘዘው ገመዱን ለቀቀ። መሪው አልወረደም። መሬት ላይ ዱብ ያለው እንጨት ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ባዘዘው ቢጨንቀው ገመዱን ወደ ታች ይገፋው ጀመር።

"ልጄ፣ ገመድ ይሳባል እንጂ ይገፋል እንዴ?" አሉ አባ ይመኑ።

ጀልባዋ እየዞረች በአቶ ውበቴ ፊት ሽው ብላ አለፈች። አባ ይመኑ የመጡበት ጉዳይ ሳይነገር ሊቀር መሆኑን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው ጮኹ።

"አቶ ውበቴ! ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን..."

"ምን አላችሁ?"

"ልጅዎን! ለልጃችን!"

"ምነው፣ ቆም ብላችሁ ብትናገሩ?"

"መቆሙ እኮ ነው ያቃተን!"

ከፊታቸው ቋጥኝ ነበር። ሸራውን ቢያወርዱትም ሞገዱ ወደዚያው ሊገፋቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ማማተብ ጀመሩ። ባዘዘው ነጭ ልብሱን አየ፤ ባንቺአምላክን አየ፤ አይኑን ጨፍኖ ውሃው ውስጥ ዘለለ። መሪውን ተጠምጥሞበት በገላው ክብደት ወደ ታች ደፈቀው። አባ ይመኑ ከላይ "ወደ ግራ! አይ፣ ወደ እኔ ግራ!" እያሉ፣ እሱ ከታች ውሃ እየጠጣ፣ ቋጥኙን ለጥቂት ስተው ዳር ደረሱ። ባዘዘው እንደ ጉማሬ ጭንቅላቱን ብቅ ሲያደርግ ያጣቢዎቹ ሳቅ ሐይቁን ሞላው።

አቶ ውበቴ ግን አልሳቁም።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉት ገመዱን እያሳዩ።

"ማንሻ ነው። ማውረጃውን ሳላስብ ቀረሁ።"

"እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከልጄ ጋር ስትጋጩና ቁጣህ ሲነሳስ፣ ማውረጃ አለህ?"

ባዘዘው ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ አሰበ። አለኝ ብሎ መዋሸት አሳፈረው።

"የለኝም" አለ። "ግን ዘልዬ እገባና በእጄ አወርደዋለሁ።"

አቶ ውበቴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"መጀመሪያ ቤት ይግባና ይድረቅ" አለች ባንቺአምላክ፤ እየሳቀች ነጠላዋን ወረወረችለት። ሽማግሌዎቹም ይህን እንደ እሺታ ቆጥረው ቀድመውት ገቡ።

ድምፅን ማንሳት፣ ቁጣን ማንሳት፣ ራስን ከሰው በላይ ማንሳት ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ አንዴ መሳብ ብቻ ይበቃል። የተነሳው ነገር ግን በራሱ አይወርድም። ማውረጃውን አስቀድሞ ያሰረ ሰው ብልህ ነው። ያላሰረም ቢሆን፣ የሰው ሳቅ ሳይገደው ነጭ ልብሱን ካራሰ፣ ጀልባውንም ሰዎቹንም ያድናል።

እርስዎስ ሰሞኑን ያነሱትን ነገር ለማውረድ ውሃ ውስጥ ይገባሉ?