ሸማኔው መንጠቆ ሲመርጥ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ፣ ልሳነወርቅ ጥያቄውን ገና ሳይጨርስ። ልሳነወርቅ ትምህርቱን ፈጽሞ በማግስቱ ከብት ነጋዴዎችና ሸክላ ሠሪዎች ወደሚኖሩበት ሩቅ ደብር ሊያስተምር ይሄዳል። ሁለት ከረጢት ሙሉ መጽሐፍ ይዟል፤ ከየትኛው እንደሚጀምር ግን ጨንቆታል። የጠየቀውም ይህንኑ ነው። የኔታ መቋሚያቸውን አጋድመው ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሸማኔ። እጁ ክር የለመደ፣ በሙያውም የሚኮራ ነበር። ቤቱ ተቃጥሎ የሽመና ዕቃው ሁሉ አመድ ሲሆንበት ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ይዞ፣ የሚስቱ ዘመዶች ወደሚኖሩበት ወደ አንድ ቀዝቃዛ ወንዝ ዳር ተሰደደ። የዚያ አገር ሰዎች ኑሯቸው ዓሣ ነው። መረብ ግን አይጥሉም፤ ትንሽ ትልቁን ጠርጎ ወንዙን ያራቁተዋል ብለው ሽማግሌዎቹ አግደውታል። ዓሣውም ትል አይወድም፤ ውኃው ላይ የሚያርፉ ዝንቦችን እየዘለለ ይለቅማል። ስለዚህ ሰዎቹ መንጠቆ ላይ ላባና ክር እየጠመጠሙ ዝንብ ያስመስላሉ፤ ያንን ውኃው ላይ ጥለው ያጠምዳሉ።

አዲስ ሰው ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ከወንዙ ዳር አንድ ቁራጭ ቦታ ይሰጡታል። ጊዜው የተቆረጠ ነው፤ አርባ ቀን። በአርባው ቀን ውስጥ ከዚያ ውኃ አንድ ዓሣ እንኳ አውጥቶ ካላሳያቸው ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ እሱም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ሸማኔው ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። ክር መጠምጠም ለእሱ ምኑ ነው?

ገበያ ወረደና መንጠቆ ሻጩ ፊት ቆመ። ሻጩ መንጠቆዎቹን በየመጠናቸው ቆዳ ላይ ደርድሯቸዋል፤ ከአውራ ጣት የሚበልጥ አለ፣ ከቅማል ከፍ የማይል አለ።

«ለየትኛው ውኃ ነው?» አለው ሻጩ።

«ለሁሉም የሚሆን ስጠኝ። እንዳይሰበር ብቻ!»

ሻጩ ምን ቸገረኝ ብሎ ትልልቁንና ወፍራም ወፍራሙን ሰጠው። ሸማኔው ቤቱ ገብቶ የቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ መረጠ፣ በቢጫ ክር አሰረው፣ ክንፍ አበጀለት፣ ጭራ ቀጠለለት። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየለት። «እፍ ቢሏት የምትበር ትመስላለች!» እያሉ አደነቁ። ዓሦቹ ግን አላደነቁም። ከሥር ብቅ ይላሉ፣ ያዩዋታል፣ ይመለሳሉ። ብረቷም ከባድ ስለሆነ ብዙ ሳትቆይ ትሰምጣለች።

አሥር ቀን ሄደ። ሸማኔው ጌጡ አንሶ ነው ብሎ ላባ ጨመረ። ሃያ ቀን ሄደ። ጥፋቱ የመንጠቆው ነው ብሎ ገበያ ተመለሰና ሌላ ዓይነት ገዛ፣ ደግሞም ሌላ፤ ቤቱ በመንጠቆ ተሞላ። ጠዋት አንዱን ይጀምርና ያኛው ይሻል ይሆን እያለ ሳይጨርሰው ይተወዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ የመንጠቆ ሱቅ ልትከፍትልን ነው?» ብላ ሚስቱ ሳቀች። ሳቋ ብዙ አልቆየም። ከዚህ ከተባረሩ የሚሄዱበት አልነበራቸውም፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

ከእሱ ቦታ በላይ አንዲት ባልቴት ታጠምድ ነበር። ቀሚሷ ደረት ላይ የተሰኩ አራት መንጠቆዎች ብቻ አሏት፤ አራቱም አንድ ዓይነት። በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ሸማኔው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሄደ።

«እማማ፣ ከነዚህ አንዷን ይስጡኝ። ልጆቼን ይዤ መባረሬ ነው።»

«ልጄ፣ የኔ ውኃ የተኛ ነው፣ ያንተ ይሮጣል። የኔ መንጠቆ እዚያ ምን ያደርግልሃል?» አለችው። ሲከፋው አይታ አንዲት ዓሣ ሰጠችው። «ዛሬ ጠዋት ካንተ ውኃ ወደኔ ስትሻገር የያዝኋት ናት። ለልጆችህ ትሁን። ለሽማግሌዎቹ እንዳታሳያት፤ ያጠመድኋት እኔ ነኝ።»

መንጠቆ ሊለምን ሄዶ ምጽዋት ተቀብሎ መመለሱ አንገበገበው። ሚስቱ ዓሣዋን ተቀብላ ቢላ ስታነሳ «ቆይ፣ እኔ ልክፈታት» አላት። ይህን ለምን እንዳለ እሱም በደንብ አላወቀም። ሆዷን ሰነጠቀ፣ ጨጓራዋን አውጥቶ ሳህን ውኃ ውስጥ በተነው። ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ተንሳፈፉ። ዝንቦች ናቸው፤ አንዷ የስንዴ ቅንጣት እንኳ አታክልም። ክንፋቸው አመድማ፣ ገላቸው ቀጭን። ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ። ቀጥሎ የዓሣዋን አፍ ከፍቶ ትንሿን ጣቱን አስገባ፤ እስከ ጥፍሩ ገብታ ቆመች።

«በዚህች አፍ ነው እንዴ ያንን ሁሉ ብረት ዋጪልኝ የምላት?» አለ።

ያን ጊዜ ገባው። ሠላሳ ሁለት ቀን ሙሉ የመረጠው ለራሱ ነበር። ወፍራሙን የመረጠው ስለፈራ ነው፤ ትልቁን የመረጠው ጌጡን እንዲሸከምለት ነው። የዓሣውን አፍ አንድ ቀን አላየም።

በማግስቱ ከዝንቦቹ አንዷን በቅጠል ጠቅልሎ ገበያ ወረደ። ሻጩ ፊት ዘረጋትና «በዚህች ልክ ስጠኝ። ብረቱም ቀጭን ይሁን፣ እንዳይሰምጥ» አለው። ሻጩ ቀና ብሎ አየው።

«ዛሬ ገና መንጠቆ ልትገዛ መጣህ» አለው።

ትንሿ መንጠቆ ግን ቀዩን ላባ አትሸከምም። ጥቂት ዙር ጥቁር ክርና ከእርግብ ላባ የተነጨች አንዲት ብጣሽ ብቻ ያዘች። ሠርቶ ሲጨርስ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አያት፤ አስቀያሚ ናት። ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ሙያ አንዱም አይታይባትም። ያን የሚያምር ላባ ወደ ቋጠሮው ሲመልሰው፣ አልዋሽህም፣ ሁለት ጊዜ መልሶ አውጥቶ አየው።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን ጠዋት ውኃው ላይ ጣላት። ውኃው ይዟት ሄደ፤ ከማነሷ የተነሣ ከእሱ ከራሱ ዓይን ተሰወረች። ከዓሣው ግን አልተሰወረችም። ክሩ ተወጠረ። ከምሳ በፊት ሸማኔው ሁለት ዓሣ ይዞ ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ቆመ፤ ቦታውም የእሱ ሆነ።

የኔታ ወደ ልሳነወርቅ ዞሩ።

«ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር አልኸኝ። በከረጢትህ ያሉትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ያስተማርሁህ እኔ ነኝ፤ አንዱም ክፉ የለበትም። ያን ደብር ግን እኔ አላውቀውም፣ አንተም አታውቀውም። እንግዲህ ከረጢቱን ሳትፈታ ሁለት ሳምንት አብረሃቸው ተቀመጥ። ከብት ነጋዴው በምን እንደሚምል፣ ሸክላ ሠሪዋ ማንን እንደምትፈራ፣ ልጅ የሞተባቸው ሰዎች ሲጸልዩ ምን እንደሚሉ ስማ። የሸማኔው ዝንብ ያቺ ናት፤ በእሷ ልክ ምረጥ። ደግሞ ሰው ዓሣ ነው ወይ ብለህ እንዳትከራከረኝ፤ ነገረኛነትህን አውቀዋለሁ። እኔ የነገርሁህ ስለ ልክ ነው።»

ልሳነወርቅ አንገቱን ደፋ። «የኔታ፣ ያ ሰባት ዓመት የደከምሁበት ቅኔስ?» አለ።

«እሱን እኔ ዘንድ ተወው» አሉት። «ልትጠይቀኝ ስትመጣ ትቀኝልኛለህ፣ እኔም አደንቅልሃለሁ። እዚያ የሚጠብቁህ የተራቡ ናቸው።»