በሚስቱ ራስ ላይ እጁን የጫነው ሰው

አንዲት ሴት ነበረች። ባል አላት፣ ቤት አላት፣ ልጅ የላትም። ብርነሽ እንበላት። እውነተኛ ስሟን ብነግራችሁ ከዚህ ስትወጡ የምታደርጉትን አውቀዋለሁ።

ብርነሽ በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ኮንፈረንስ ይደረጋል። በመጨረሻው ቀን መሪው ማይኩን ይይዝና፣ «ማሕፀናችሁ የተዘጋ እህቶች፣ ወደ ፊት ውጡ!» ይላል። ብርነሽ ትወጣለች። ሕዝቡ ሁሉ እያያት ትወጣለች። ሽማግሌዎቹ ዘይት ይቀቧታል፣ እጅ ይጭኑባታል፣ ይጮኻሉ። አብረዋት ከቆሙት አንዳንዶቹ በዓመቱ ልጅ ታቅፈው ይመጣሉ፤ እሷ እንደገና ትወጣለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን ይመስላችኋል? ባሏ ነው። ማርቆስ ይባላል። «ጌታ ሆይ፣ የልጅህን ማሕፀን ክፈት!» ሲል ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

አሜን ለማለት አትቸኩሉ።

ብርነሽ ጸሎቷን ሳታቋርጥ ሐኪም ቤት ሄዳ ተመረመረች። «አንቺ ደህና ነሽ፤ አሁን ባልሽ ይመርመር» አሏት። መጥታ ነገረችው። ማርቆስም ለአገልግሎት ነው ብሎ ብቻውን አዲስ አበባ ወጣና ተመረመረ። ያየችው ሐኪም ዶክተር ብሌን ትባላለች።

«ችግሩ ከእርስዎ ነው» አለችው። «ዘርዎ በጣም ጥቂት ነው። ግን አይደንግጡ፣ አይቪኤፍ የሚባል ሕክምና አለ። ከባለቤትዎ እንቁላል እንወስዳለን፣ ከእርስዎ ዘር እንወስዳለን። ከሰውነት ውጭ፣ በቤተ ሙከራ እናገናኛቸዋለን። ፅንስ ሲሆን ወደ እሷ ማሕፀን እንመልሰዋለን። ልጁ የራሳችሁ ልጅ ነው። በእርግጠኝነት ትወልዳላችሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ ለብዙዎች ግን ተሳክቷል። የሴት እንቁላል ዕድሜ አለውና ባለቤትዎን ይዘው ቶሎ ይምጡ።»

እሱስ ቤቱ ገብቶ ምን አላት? «ተመርምሬአለሁ፤ ምንም የለብኝም። ጌታን እንጠብቅ።»

ሴትየዋ አመነችው። ባሏ ነዋ! ሽማግሌ ነዋ!

አንድ ቀን ስለዚህ ሕክምና በሬዲዮ ሰማችና፣ «ማርቆስዬ፣ እስቲ እንሞክረው፣ በእናትህ» አለችው። ጮኸባት። «በብልቃጥ የተሠራ ልጅ እኔ ቤት አይገባም! እምነትሽን ምን በላው?» እናቱ በዓል በመጣ ቁጥር እየመጡ፣ «ልጄ በቅሎ አግብቶ ቀረ» ይላሉ። ማርቆስ ይህን እየሰማ ይጎርሳል። ዓመቱ ዞሮ ኮንፈረንሱ ሲመጣ እሷ ትወጣለች፣ እሱ እጁን ይጭንባታል።

አርባን ከተሻገረች በኋላ አንዲት የሰፈሯ ሴት በዚሁ ሕክምና ወለደች። ብርነሽ ልትጠይቅ ሄደችና ሕፃኑን ታቀፈችው። ወተት ወተት ይሸታል እንጂ ብልቃጥ ብልቃጥ አይሸትም። ቤቷ ገብታ፣ «ከመጣህ ና፣ ካልመጣህ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችው። ሕክምናው የሚሰጥበት ቦታ እንደ ልብ አይገኝም፤ የምትሄደው ማርቆስ ወደ ተመረመረበት ሐኪም ቤት ነው። ማርቆስ ያቺ ሐኪም ለቅቃ በሆነ ብሎ እየተመኘ ተከተላት።

አልለቀቀችም። ገና ሲገቡ፣ «እርስዎን አውቅዎታለሁ! ምነው ጠፉ? ያኔ ቶሎ ይምጡ ብዬዎት አልነበረም?» አለችው።

«የምን ያኔ?» አለች ብርነሽ።

ዶክተሯ ሁለቱንም አየቻቸው። «ይቅርታ፣ ነግረዋት መስሎኝ ነው» አለች።

ተመረመሩ። የብርነሽ እንቁላል ተመናምኗል። ተስፋው በጣም ጠባብ መሆኑን ዶክተሯ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ከግቢው ሲወጡ ብርነሽ መንገዱ ላይ ቆመች።

«እጅህን ስትጭንብኝ ምን እያልክ ነበር የምትጸልየው?»

«ማሕፀንሽ እንዲከፈት።»

«ለራስህስ? አንድ ቀን እንኳ ለራስህ ጸልየህ ታውቃለህ?»

«አፍሬ ነው፣ ብርነሽ።»

«እኔስ? ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ስወጣ አላፍርም ነበር?»

ያም ሆኖ ልጅ ትፈልግ ነበርና ሕክምናውን ጀመሩ። ሆዷን በመርፌ ተወጋች፣ ታመመች፣ ጠበቀች። ፅንሱ አልያዘም።

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው ለመርገም አትቸኩሉ። አስተማሪዎቹ እኛው ነን። እስቲ ንገሩኝ፣ «መካን ወንዶች ወደ ፊት ውጡ» ሲባል በየትኛው ጉባኤ ሰማችሁ? በየትኛው? ሐኪሞቹ ግን ጉድለቱ ከወንድም፣ ከሴትም፣ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል ይላሉ። እኛ የምናውቀው የሴቷን ማሕፀን ብቻ ነው።

«ብልቃጥ» የምትሉም አላችሁ። መነጽር አድርጋችሁ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባላችሁ፤ ዓይናችሁ እምነት ጎደለው? ስኳር ያለባችሁ ኢንሱሊን ተወግታችሁ ትመጣላችሁ፣ እንኳን መጣችሁ። ማሕፀን ላይ ስንደርስ ግን ሁላችሁም ነቢይ ትሆናላችሁ። መውለድ ያቃተው ሰው ታሟል። የታመመ ሰው ይጸለይለታል፤ ይታከማልም። ማን ነው ሁለቱን ያጣላቸው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በዚህ ቤት በሽታውን የደበቀው እሱ ነው፤ መድኃኒት ያጣችው እሷ ናት። ይህ ያንገበግበኛል።

አውቃለሁ፣ መጨረሻውን እየጠበቃችሁ ነው። በስተርጅና ወለደች እንድላችሁ፣ እልል እንድትሉ። አልወለደችም! ሣራን እንዳትጠቅሱብኝ። ሣራን ያስጠበቃት እግዚአብሔር ነው፤ ይቺን ያስጠበቃት ባሏ ነው። ባል የሠራውን በእግዚአብሔር ስም አትጥሩት።

አንተ እዚያ አንገትህን የደፋኸው ወንድሜ፣ እዚህ መጥተህ እንድትናዘዝልኝ አልፈልግም። ሚስትህ አጠገብህ ተቀምጣለች። ለእሷ ንገራት። ከዚያ አብራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትመረመረው አንተ ነህ።